የኋላው መጋረጃ

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ መንገዱን ትጠይቁኛላችሁ፤ የኛ ከተማ መንገድ ደግሞ ወደፊት እንጂ ወደኋላ ስለማያስኬድ መጥታችሁ ትቀሩብኛላችሁ። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። የምሰፋው ለፈቃድ ቤት ብቻ ነው። ሌላ ደንበኛ የለኝም፤ አልፈለግኩምም። ፈቃድ ቤት መጋረጃ አይጠግብም።

የማወራችሁ ስለ ጎረቤቴ ስለ ትርንጎ ነው። ውስጥ የሆነውን ሁሉ የነገረችኝ እሷው ናት፤ እኔ ትንሽ ቅመም ጣል ባደርግበት ነው እንጂ ከራሴ ያመጣሁት ነገር የለም።

መጀመሪያ ግን ልማዳችንን እወቁልኝ። በኛ ከተማ ሰው ዞሮ አይመለስም፤ ነውር ነው። ድሮ አንድ ገዢ ነበሩ አሉ፤ በቅሏቸው መሀል መንገድ ላይ አልዞርም ብላ ግትር አለች። ቢደበድቧትም፣ ቢለማመጧትም እምቢ አለች። ገዢው በበቅሎ ተሸነፉ ከሚባል ብለው፣ «ድሮስ መመለስ ማን ፈለገ?» ሲሉ አወጁ። ከዚያ ወዲህ ባርኔጣውን የረሳ ሰው ከተማዋን ዞሮ በሌላ በኩል ይመጣል እንጂ ፊቱን አዙሮ አያነሳም። አንድ ጊዜ ሚዜዎች እየዘፈኑ፣ እየጨፈሩ የሙሽራዋን ደጅ ሳያዩት አለፉት። ያለፉት ጥቂት እርምጃ ነው። ከተማዋን ዞረው እስኪመጡ ግን የሙሽራዋ ቤተሰብ በልቶ ጠጥቶ ድንኳኑን እያፈረሰ ደረሱ። ማንም አልወቀሳቸውም፤ ሠርጉ ለሌላ ዓመት ተላለፈ።

ፈቃድ ቤትም የተሠራው በዚሁ ልማድ ነው። ውስጡ በር የሚባል ነገር የለም፤ ክፍል ከክፍል የሚለየው በመጋረጃ ነው። በየመጋረጃው ላይ ወደየትኛው ክፍል እንደሚያስገባ በጥልፍ ተጽፏል፤ ጥልፉም የኔ እጅ ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ያያል። ድሮ ሁለት መጋረጃ በሁለት እጁ ገልጦ መሀል ላይ የቆመ ሰው ነበር አሉ። በአንደኛው ክፍል የሚባለውን ሰማ፣ በሌላኛው የሚባለውን ሰማ፣ ከዚያ ሁለቱን አስተያየ። ያ ሰው የት እንደገባ አይወራም፤ ሕጉ ግን በማግስቱ ወጣ።

በየክፍሉ አሻጋሪ የሚባል ሹም ተቀምጧል። ሥራው ጠይቆ ጠይቆ ባለጉዳዩን ወደሚቀጥለው ክፍል ማሻገር ነው። ባለጉዳዩ ሲገባ ደግሞ ወደመጣበት የሚመልስ፣ ምንም ያልተጻፈበት ግራጫ መጋረጃ ከጀርባው ይወርዳል። የኋላው መጋረጃ እንለዋለን። ሌሎቹ መጋረጃዎች በሰው እጅ ብዛት ቶሎ ቶሎ ያልቃሉ። እሱን ግን ጠግኜ አላውቅም፣ የሚነካው የለማ።

ትርንጎ የምትኖረው እንደኔው ላይ ሰፈር ነው። አባቷ አቶ ዘለለው ታች ሰፈር ብቻቸውን ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ሰውን በድምፁ ካልሆነ አያውቁም። ባለፈው ብርድ ሰሞን ከሰል ሳያጠፉ እንቅልፍ ጣላቸውና ጋቢያቸው ተያያዘ። ጎረቤት ጭሱን አይቶ ደረሰላቸው። ትርንጎ ነፍሷ እስኪወጣ ሮጣ ስትደርስ፣ ጫፉ የጠቆረ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ተቀምጠዋል።

«ትንሽ ነው የነደደው፤ አታካብጂ» አሏት።

አላካበደችም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ የሚባል አጣች። ጭስ በሸተታት ቁጥር፣ ጎረቤት ሽንኩርት ቢያቁላላም እንኳ፣ ልቧ ታች ሰፈር ይወርዳል። በኛ ከተማ ሰው ቀን የትም ይውላል፤ ሲመሽ ግን ማደር ያለበት በሰፈሩ ነው። ሰፈር ለመቀየር የማደሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ትርንጎም አንድ ቀን ማለዳ አባቷን እጃቸውን ይዛ ፈቃድ ቤት ገባች።

«ባይሰጡንስ?» አሏት መንገድ ላይ።

«ይሰጡናል።»

«አንቺ ሁሉ ነገር ይቀልሻል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«በማን ወጣሁና፣ አባባ?» አለቻቸው። ሳቁ።

የመግቢያ ክፍሉ አሻጋሪ ከላይ እስከታች አያቸው። «ወደ ውስጥ መግባት ትፈልጋላችሁ?» አለ። አዎ አሉ። «የምትገቡት ለመግባት ነው?» አለ። አዎ አሉ። አሻገራቸው።

መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ የውሃ እንስራ፣ ግድግዳው ላይ የበቅሎ ሥዕል አለ። ትርንጎ ከእንስራው ቀድታ አባቷን አጠጣቻቸው፤ ጣሳውን እንስራው አፍ ላይ ደፋችው። ትንሽ ጠብቀው ተራቸው ሲደርስ አሻጋሪው፣ «ቀጥሎ የምክንያት ክፍል ነው። ምክንያት የአንድ ሰው ነው፤ አንዳችሁ ብቻ ግቡ» አለ። ትርንጎ አባቷን ወንበሩ ላይ አደላድላ፣ የያዘችውን ዳቦ ቆርሳ በእጃቸው አስያዘቻቸው።

«አባባ፣ እዚሁ ይቀመጡ፤ አሁን መጣሁ።»

«በየት በኩል ነው የምትመጪው?»

«ኧረ አባባ፣ በየትስ ብመጣ?»

«ፊቴን ወደዚያ ላዙር ብዬ ነዋ» አሉ። «በይ ቶሎ በይ፤ ወንበሩ ይቆረቁራል።»

የምክንያት ክፍል አሻጋሪ ጢሙን የሚያፍተለትል ሰው ነው። «ለምንድነው አብራችሁ ማደር የፈለጋችሁት?» አላት።

«አባቴ ስለሆኑ።»

«እሱ ዝምድና ነው። ዝምድና የራሱ ክፍል አለው፤ እዚህ ምክንያት ብቻ ነው የምንቀበለው።»

«እሳት ሊበላቸው ነበር።»

«ሊበላቸው ነበር ማለት አልበላቸውም ማለት ነው።»

«ታዲያ እስኪበላቸው ልጠብቅ?»

«ቢበላቸው ጠንካራ ምክንያት ይሆንሽ ነበር» አለ አሻጋሪው፤ ሰውየው ክፋት የለበትም፣ ሥራው ነው። «ግድ የለም፣ ይሄም ያሻግራል።»

የዝምድና ክፍሉ አሻጋሪ ደግሞ አፍንጫዋን በጎን በኩል አየላት። «ይሄ አፍንጫ የማን ነው?»

«የእናቴ።»

«ከአባትሽ ታዲያ ምን ወሰድሽ?»

«ችኮላ» አለች። አሻጋሪው በሐዘን ራሱን ነቀነቀና አሻገራት።

የእንቅልፍ ክፍል ውስጥ አንድ የተነጠፈ አልጋ አለ፤ የሚተኛበት የለም። አሻጋሪው ከአልጋው አጠገብ ቆሞ በሹክሹክታ ነው የሚናገረው። «አባትሽ የሚተኙት በቀኝ ጎናቸው ነው፣ በግራ?» አላት። ትርንጎ አታውቅም። ከአባቷ ቤት ከወጣች ስንት ዘመኗ፤ አባቷ ሲተኙ ያየችው ልጅ ሆና ነው፣ ያኔ ደግሞ ማን ልብ ይላል።

«ጠይቀሽ ነይ» አለ አሻጋሪው። «ከዚህ ቀጥሎ ማጽደቂያ ክፍል ብቻ ነው የቀረሽ። ጨርሰሻል በይው።»

ደስታዋ ወሰን አጣ። ቀና ስትል በቀኝ በኩል «ወደ መጠበቂያ ክፍል» የሚል መጋረጃ ተንጠልጥሏል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው። የኛ ከተማ ሰው የተወውን ቦታ ሲፈልግ የመጣበትን አይፈልግም፤ የቦታውን ስም ነው የሚፈልገው። ስሙ ከተጻፈ ደረስኩ ይላል። ትርንጎም መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

ያው አግዳሚ ወንበር ነው፣ ያው እንስራ፣ ያቺው በቅሎ። አባቷ ግን የሉም።

«አባባ?» አለች።

«የማን ነሽ?» አለ አሻጋሪው። መልኩ ያው ነው፤ ድምፁም ያው ነው።

«አሁን ከአባቴ ጋር የመጣሁት ነኝ እኮ። እዚህ ወንበር ላይ ነው የተውኳቸው።»

«ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።»

ወንበሩን ዳሰሰችው። የዳቦ ፍርፋሪ የለበትም። እንስራውን አየችው፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ጣሳውም እሷ እንደደፋችው አይደለም፤ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ክው አለች። ተነስተው ሄደው ይሆን? ያለ መሪ የት ይሄዳሉ? አንዱ እጃቸውን ይዞ አውጥቷቸው ይሆን? ግድግዳው ላይ «ወደ መግቢያ ክፍል» የሚል አየችና ዘላ ገባች።

«ወደ ውስጥ መግባት ትፈልጊያለሽ?» አለ የመግቢያው አሻጋሪ።

«ገብቻለሁ እኮ። ሽማግሌ አላየህም? ጋቢያቸው ጫፉ የተቃጠለ?»

«የምትገቢው ለመግባት ነው?»

«አዎ፣ አዎ፣ ለመግባት ነው» ብላ ወደ መጠበቂያ ክፍል አለፈች። ባዶ ነው፤ እንስራው እስከ አፉ ሙሉ፣ ጣሳው ሚስማሩ ላይ። ከዚያ ደግሞ ወደ መግቢያ፣ ከመግቢያ ወደ መጠበቂያ። በየገባችበት ወንበሩን ትዳስሳለች፤ በየገባችበት አሻጋሪው የማን ነሽ ይላታል። አባባ እያለች ስትጮህ ድምጿ ጨርቁ ላይ እየሞተ ይቀራል። ድምፅ የማያሳልፍ ይሁን ስለሚሉኝ ወፍራሙን ነው የማስመጣው። አንዳንዴ ከነጭራሹ አባቷን ይዛ መምጣቷን ትጠራጠርና መዳፏን ታሸታለች፤ የዳቦው ሽታ ገና አለ።

በዚህ መሀል ወለሉ ማቃሰት ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር፤ ቆይቶ ግን በረገጠች ቁጥር ከሥር ጣውላ ሲለቀቅ ይሰማታል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ቀጭን ሰውዬ መጋረጃ ገልጦ ገባ። ረጅም ዘንግ ይዟል። ወለሉን በዘንጉ መታ መታ አደረገና ጆሮውን ደቅኖ አዳመጠ። የክምር ሹም የሚሉት እሱን ነው።

«ይሄን ሁሉ የምታስከምሪን አንቺ ነሽ?» አላት።

«እኔ አባቴን ነው የምፈልገው፣ ጌታዬ።»

«የት ተውሻቸው?»

«መጠበቂያ ክፍል።»

«የትኛው?»

«ስንት ነው ያለው?»

ሹሙ በትዕግሥት አስረዳት። ትርንጎ እንደምትለው ድምፁ የክርስትና አባት ድምፅ ነበር። «ልጄ፣ እኛ ባለጉዳይ አናንገላታም። ወደ መጠበቂያ ክፍል ያለ ሰው አዲስ መጠበቂያ ክፍል ይዘረጋለታል። ያለፈበት ደግሞ አይፈርስም። እንደተወው፣ ውስጡ ያለውም እንዳለ፣ ጊዜውም ሳይቀር እንደቆመ ከበታች ይቀመጣል። እላዩ ላይ ነው የምንዘረጋው። ያንቺ አባት ከታች ናቸው።»

«ከዚህ በታች?» ወለሉን አየች። የቆመችበትን እግሯን አንስታ ሌላ ቦታ ልታደርገው ፈለገችና ቦታ አጣች።

«ከሁሉም በታች ማለት ይቻላል። ከሳቸው ሥር የመጀመሪያው መግቢያ ብቻ ነው ያለው።»

«ደህና ናቸው?»

«ተቀምጠዋል» አለ ሹሙ። እንደገና በዘንጉ መታ መታ አደረገ። «ይሄ ወለል ግን በቃኝ እያለ ነው። ሲከብደው ከታች ጀምረን እናጥፋለን፤ ደንቡ ነው።»

«ማጠፍ ማለት?»

«ማጠፍ ነዋ። እንደ ነጠላ።»

«ሰው ቢኖርበትስ?»

ሹሙ አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው። «እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ የለም» አለ።

ትርንጎ ወንበሩን ይዛ ነው የቆመችው። የገለጠችው መጋረጃ ሁሉ፣ አባባ እያለች የሮጠችበት ክፍል ሁሉ፣ አንድ ባንድ በአባቷ ላይ ነው የተጫነው። ባትፈልጋቸው ኖሮ ይሄኔ ወለሉ ቀሎት ነበር። ይሄን ስትነግረኝ እንኳ ያፈላችልኝን ሻይ ትሪው ላይ አፈሰሰችው።

«አትጨነቂ» አላት ሹሙ። «ያውልሽ፣ ማጽደቂያው ክፍል እዚሁ ነው። አንድ ክፍል ነው፤ አንድ ይችል ይሆናል ወለሉ። በቀኝ ጎናቸው ነው የሚተኙት በይ፤ ማን ያያል? ፈቃድሽን ተቀብለሽ በመውጫው ውጪ።»

«ስወጣስ?»

«ስትወጪ ሁሉም ይታጠፋል። የወጣ ሰው ክምር የለውም።»

«ታዲያ ፈቃዱ ለማን ነው?»

«ለአባትሽ ነዋ» አለ ሹሙ፤ ጥያቄው ግራ ገብቶት። «ፈቃዱ ማደር እንዲችሉ ነው የሚፈቅደው። መኖራቸውን አይጠይቅም።»

ማጽደቂያውን መጋረጃ አየችው። አረንጓዴ ነው፤ ከሰፋኋቸው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ጭሱ፣ ጋቢው፣ እንቅልፍ ያጣችባቸው ቀናት፣ ሁሉም የሚያበቃው ከዚያ ጨርቅ ወዲያ ነው። ከዚያ ዞር ብላ ግራጫውን አየችው። ልብ በሉ፣ ዞር አለች ነው ያልኳችሁ።

«በዚህስ?» አለች።

አሻጋሪው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ ነውር ነው።»

«ነውርነቱን አውቃለሁ። ይወስዳል ወይ ነው ያልኩዎት።»

«መውሰድስ ይወስዳል» አለ ቀስ ብሎ። «የመጣሽበትን አንድ ባንድ። የለቀቅሽው ክፍል ይዘጋል፣ የተውሽው ይከፈታል። ግን ያገኘሽው ሁሉ ይቀርብሻል። ምክንያትሽም፣ ዝምድናሽም። ፈቃድ የሚባል ነገር የለም።»

«ወለሉስ?»

«እሱማ ይቀለዋል።»

ትርንጎ ግራጫውን መጋረጃ ገለጠች። ከብዶ ነው የተገለጠው፤ ገልጦት የሚያውቅ የለማ።

ያኛው መግቢያ ክፍል እንደተወችው ነበር። አሻጋሪው አፉን ከፍቶ፣ የጀመረውን ጥያቄ ገና አልጨረሰውም። ስትመለስ አይቶ ደነገጠና ጥያቄውን ቀየረ፦ «እርግጠኛ ነሽ? ከተመለስሽ የመለስሽው መልስ ሁሉ ይጠፋል።» እርግጠኛ ነኝ አለች። ከዚያ መጠበቂያው፣ ባዶ፤ እርግጠኛ ነሽ፣ እርግጠኛ ነኝ። መግቢያው፣ መጠበቂያው፣ ባዶ። ባዶ እንደሆነ ብታውቅም በየመጠበቂያው ክፍል ዓይኗ መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ነው የሚሄደው። ካሁን አሁን ታጠፉ እያለች ነው የምትሄደው። መሀል ላይ ከታች አንድ ድምፅ ሰማች፤ ወፍራም ጨርቅ ባንድ ጊዜ ሲታጠፍ የሚያሰማውን። እኔ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ መሮጥ ጀመረች።

«በቀኝ ነው በግራ?» አለ የእንቅልፉ አሻጋሪ በሹክሹክታ።

«አልጠየቅኳቸውም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ? እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ፤ አሳልፈኝ።»

የዝምድናው አሻጋሪ መጋረጃው ፊት ቆመባት። «እዚህ ከተመለስሽ ዝምድናሽ ይሰረዛል። አባትሽ አይደሉም ማለት ነው። እርግጠኛ ነሽ?»

ይህቺን ጊዜ ቆመች። ከታች እንደገና ጨርቁ ተሰማ። «ለዛሬ አይሁኑ» አለችው፣ «ቤት ስንገባ ይሆናሉ።» ገፍታው አለፈች።

የምክንያቱ አሻጋሪ ጢሙን እያፍተለተለ፣ «ያን የመሰለ ምክንያት ልትተዪ?» አላት። የመጨረሻው መጋረጃ ነው። እጇን ጨርቁ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች፤ ከወዲያ ምንም እንዳይኖር ፈርታ። ከዚያ ገለጠችው።

አቶ ዘለለው ወንበሩ ላይ አሉ። ፊታቸውን ልጃቸው ወደሄደችበት መጋረጃ አዙረዋል፤ የቆረሱት ዳቦ ገና አፋቸው ውስጥ ነው። ጣሳው እንስራው አፍ ላይ እንደተደፋ ነው።

«ምን ረስተሽ ነው?» አሏት።

ትርንጎ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«እርስዎን» አለች።

«እኔን? አሁን እኮ ነው የሄድሽው። ላንቺስ ሰው ምን ይላል አይባልም?» ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱና እርጥበቱን አገኙት። የያዙትን ዳቦ ገመሱና ግማሹን እጇ ላይ አደረጉላት። «ብይ እስቲ። ከተመለስሽም አይቀር።»

«አባባ» አለች፣ «በየትኛው ጎንዎ ነው የሚተኙት?»

«ተቀምጬ» አሉ።

«እንዴ፣ አባባ፣ ተቀምጠው ማለት?»

«ከዚያ ከእሳቱ ወዲህ ጋደም ብዬ አላውቅም። ጋደም ካልኩ ጭሱ ሳይሰማኝ እንዳይቀር ብዬ፣ ግድግዳው ላይ ደገፍ እላለሁ። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

በቀኝ ብትል ኖሮ ውሸት ነበር፤ በግራም ብትል ውሸት ነበር። ለዚህ መልስ የሚሆን ክፍል ፈቃድ ቤት ውስጥ የለም። ብድግ አለችና እጃቸውን ይዛ ግራጫውን መጋረጃ ገለጠች።

የመግቢያ ክፍሉ ግማሹ ታጥፎ ነበር። አሻጋሪው በቀረችው ጠባብ ቦታ ተጣብቆ ቆሟል፤ ሥራውን ግን አልተወም። «ወደ ውጭ መውጣት ትፈልጋላችሁ?» አለ። «የምትወጡት ለመውጣት ነው?» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባቴ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«በኔ ዕድሜ ማን በምን እርግጠኛ ይሆናል?» አሉ አቶ ዘለለው። «አንተ ብቻ ጠጋ በልልን።»

ጠጋ አለላቸው፤ ጨርቁን ታክከው አለፉ። እኔ ያን ቀን ጥቅል መጋረጃ ተሸክሜ ደጅ ቆሜ ነበር፤ ይሄን በዓይኔ ነው ያየሁት። አባትና ልጅ በገቡበት ወጡ። መንገደኛው ሁሉ ፊቱን አዞረ፤ አንዷ ሴትዮ የልጇን ዓይን በመዳፏ ሸፈነች። ትርንጎ ማንንም አላየችም። አባቷን ይዛ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ሰፈር ወጣች፣ ያለ ፈቃድ።

በማግስቱ ቤቴ መጣች። ሰላምታ እንኳ አላበዛችም፤ «አንድ መጋረጃ ስፋልኝ» አለችኝ። ምን ልጻፍበት አልኳት። ነገረችኝ። ከሥራዬ ሁሉ የዚያን ጥልፍ ያህል የተጨነቅኩበት የለም፤ ፊደሉ ከፈቃድ ቤቱ ፊደል ጋር አንድ መሆን አለበት።

ማምሻውን የማደሪያ ዘቡ ቤት ለቤት እየዞረ ትርንጎ ደጅ ደረሰ። እሷ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች፤ የገባው እኔ እያየሁት ነው። ጓዳው በር ላይ «መጠበቂያ ክፍል» የሚል መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ገለጠው። ውስጥ አንድ ሽማግሌ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ፈቃድ አለዎት?» አላቸው።

«እየጠበቅኩ ነው።»

ዘቡ ጽሑፉን እንደገና አየ። በኛ ሕግ በመጠበቂያ ክፍል ያለ ሰው አይነካም፤ ጉዳዩ ተይዟልና። «መልካም፣ ይጠብቁ» ብሎ መጋረጃውን በወጉ መለሰና ሄደ። እስካሁንም እየመጣ ይገልጣል፣ እየጠበቁ ያገኛቸዋል። እንዲህ ያለ መጋረጃ ስፋልን እያሉ ማንኳኳት የጀመሩ ሰዎች አሉ። ሌላ ደንበኛ የለኝም ያልኳችሁን ለጊዜው እርሱት።

የትርንጎ ቤትና የኔ ቤት አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው፤ ሳልፈልግም እሰማለሁ። አቶ ዘለለው አሁን ጋደም ብለው ነው የሚተኙት፤ ማንኮራፋታቸው ግድግዳዬን አልፎ ይመጣል። ትርንጎ ለጉዳይ ስትወጣ መጋረጃውን ገለጥ ታደርግና «አባባ፣ አሁን መጣሁ» ትላቸዋለች።

«በየት በኩል?» ይሏታል፤ ፊታቸውን ሊያዞሩ።

«በሄድኩበት» ትላቸዋለች።